ከሞቱ አሟሟቱ፦ ዕድራችን እስከ መቼ ሬሳ ይጠብቃል?

አበው «ከሞቱ አሟሟቱ» ይላሉ። ሞት ለማንም የማይቀር ዕዳ ስለሆነ ልብ የሚሰብረው ሰው መሞቱ ብቻ አይደለም፤ የት ሞተ፣ በማን እጅ ሞተ፣ ምን እየጠበቀ ሞተ የሚለው ነው። ሟቹ ስደተኛ ሲሆን ደግሞ ጥያቄው እጥፍ ድርብ ይከብዳል። በስደት የምንኖር ሰዎች ይህን ጥያቄ ደጋግመን እንጠይቃለን፤ የምንጠይቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሬሳው ፊት ቆመን፣ መልሱ ለሟቹ በማይጠቅምበት ሰዓት ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድንጽፍ የቀሰቀሰን አንድ የዕረፍት ዜና ነው። ጁን 13 ቀን 2025 (እዚህ የተጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሉዊስ ሞሆሎ-ሞሆሎ የተባለው ስመ ጥር የጃዝ ድራም ተጫዋች፣ ለረጅም ጊዜ ታሞ፣ በ85 ዓመቱ በትውልድ ከተማው በኬፕ ታውን ዐረፈ። በ1964 ዓ.ም. አብረውት ከደቡብ አፍሪካ ከወጡት አምስት ጓደኞቹ በኋላ የቀረው የመጨረሻው ሰው እርሱ ነበር። ሌሎቹ ዕድሜ አልታደሉም። አራቱ የሞቱት በሰው አገር ነው፦ አንዱ ለንደን ውስጥ በ30 ዓመቱ፣ አንዱ በምዕራብ በርሊን፣ አንዱ በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ አንዱ እንደገና ለንደን ውስጥ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሞቱት ደግሞ ሲጠብቁት የኖሩት ነጻነት በር ላይ ደርሶ ማንኳኳት ከጀመረ በኋላ ነው።

የደቡብ አፍሪካ ጃዝ ለኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ጥቂት እንዲታገሠን እንለምነዋለን። የደቡብ አፍሪካ ስደተኛ ጉዳይ ለኢትዮጵያዊ ከቶ ባዕድ ሆኖ አያውቅም። ኔልሰን ማንዴላ በ1962 ኮልፌ ገብተው የውትድርና ትምህርት የቀሰሙት፣ በኢትዮጵያ ፓስፖርትም የተንቀሳቀሱት በኛው አገር ነው። ኢትዮጵያ ከላይቤሪያ ጋር ሆና ደቡብ አፍሪካን በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት የከሰሰችው በ1960 ነበር። ያን ጊዜ ስደተኛ እንቀበል የነበርን ሕዝቦች ዛሬ ስደተኞች ሆነን በየአገሩ ተበትነናል። ስለዚህ የእነዚህ ሙዚቀኞች የመጨረሻ ዓመታት ለኛ የሩቅ አገር ወሬ ሳይሆን መስተዋት ነው።

ስድስት ሰዎች፣ አንድ መድረክ

ቡድኑ «ብሉ ኖትስ» ይባል ነበር። ክሪስ ማክግሬገር ፒያኖ፣ ዱዱ ፑክዋና አልቶ ሳክስፎን፣ ኒክ ሞያኬ ቴነር ሳክስፎን፣ ሞንጌዚ ፌዛ ትራምፔት፣ ጆኒ ዲያኒ ቤዝ፣ ሉዊስ ሞሆሎ ድራም ይጫወታሉ። ማክግሬገር ነጭ ነው፤ አባቱ በሚሲዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ስለነበሩ በትራንስካይ በጥቁሮች መካከል አድጓል። አምስቱ ጥቁሮች ናቸው። በሌላ አገር ቢሆን ይህ ለዜና የማይበቃ ተራ ነገር ነው። በአፓርታይድ አገር ግን ስድስቱ ባንድ መድረክ መውጣታቸው ብቻውን ወንጀል ሊሆን የሚችል ጉዳይ ነበር።

በ1950 የወጣው የመኖሪያ አካባቢዎች ሕግ እያንዳንዱን ዘር በየሰፈሩ ከለለ። ጥቁሩ የይለፍ ወረቀት ሳይዝ በገዛ ከተማው መንቀሳቀስ አይችልም። ማርች 21 ቀን 1960 በሻርፕቪል ይህንኑ የይለፍ ሕግ ለመቃወም ባዶ እጁን የወጣ ሕዝብ ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰዎችን ገደለ። ከዚያ በኋላ ፓርቲዎቹ ታገዱ፤ አገሩ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ተያዘ። የተቀላቀለ ባንድና የተቀላቀለ ተመልካች የአገዛዙ የጎን ውጋት ሆነ። ለአገዛዙ ሙዚቀኛው የሚያስፈራው መፈክር ስለሚያሰማ አልነበረም። ነጭና ጥቁር ባንድ ምት፣ ባንድ እስትንፋስ መሄድ እንደሚችሉ በየምሽቱ በተግባር ስለሚያሳይ ነበር። አምባገነን ከመፈክር ይልቅ ማስረጃን አብልጦ እንደሚፈራ እኛም በየዘመኑ አይተነዋል።

በ1964 በደቡብ ፈረንሳይ አንቲብ ላይ በሚደረገው የጃዝ ፌስቲቫል እንዲጫወቱ ተጋበዙ። ወጡ። አልተመለሱም። መጀመሪያ ወደ ዙሪክ፣ ከዚያ ወደ ኮፐንሃገን፣ በ1965 ወደ ለንደን ዘለቁ። ሞያኬ ብቻ ስደቱ አልሆነለትም፤ ገና በጧቱ ወደ አገሩ ተመልሶ ብዙም ሳይቆይ እዚያው ዐረፈ። የቀሩት አምስቱ የእንግሊዝን ጃዝ ከሥሩ አናወጡት። ማክግሬገር «ብራዘርሁድ ኦቭ ብሬዝ» የተባለውን ትልቅ ባንድ ሲያቋቁም የደቡብ አፍሪካን ዜማና የአውሮፓን አዲስ ነጻ አጨዋወት ባንድ ላይ አዋሐደ። ዛሬ የእንግሊዝ ጃዝ ታሪክ ያለ እነርሱ አይጻፍም።

ሆኖም ታሪክ የቤት ኪራይ አይከፍልም። ጭብጨባውም ብርድ አይከላከልም። ሙዚቀኛ ዛሬ ሠርቶ ዛሬ የሚበላ ሰው ነው፤ ቋሚ ደሞዝ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ጡረታ የሚባል ነገር የለውም። ስደተኛ ሙዚቀኛ ደግሞ ከዚህ ሌላ እናት፣ አጎት፣ ጎረቤት የለውም። አገር ቤት ቢሆን ሲያመው «ምነው ፊትህ ገረጣ?» የምትለው እኅት ነበረችው። በሰው አገር ግን መክሳቱን የሚያይ ዐይን የለም፤ የሚያዩት በመድረክ መብራት፣ ላብ አጥምቆት ነው።

የመጀመሪያው ሬሳ

ሞንጌዚ ፌዛ ከአገሩ ሲወጣ ገና የ19 ዓመት ልጅ ነበር። የተወለደው በኩዊንስታውን ነው። ጓደኞቹም ሆኑ የእንግሊዝ ሙዚቀኞች ያችን ትንሽ ትራምፔት ሲነፋ የሰሙት ሁሉ ወደዱት፤ ሮበርት ዋያት «ሮክ ቦተም» በተባለው የ1974 አልበሙ ላይ ያጫወተው እርሱን ነው። ነገር ግን የልጁ አእምሮ ታወከ። ለንደን ውስጥ በአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል እያለ ዲሴምበር 14 ቀን 1975 ሕይወቱ አለፈ። ዕድሜው 30 ነበር። የገደለው የሳንባ ምች ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የሳንባ ምች በ1975 ለንደን ውስጥ በመድኃኒት የሚድን በሽታ ነው። አንድ የ30 ዓመት ወጣት ሐኪሞች በሞሉበት ግቢ ተኝቶ ሳለ በዚህ በሽታ መሞቱን ጓደኞቹ ፈጽሞ ሊቀበሉት አልቻሉም። ሳይታከም ተትቷል ብለው አዘኑ፤ እስከ ዕድሜያቸው መጨረሻም ይህን ቁጭት ይዘው ኖሩ። የአእምሮ ሕመምተኛ «ደረቴን አመመኝ» ሲል ማን ያምነዋል? ጥቁር፣ ስደተኛና የአእምሮ ሕመምተኛ ሲሆንስ? ፌዛ ትርጉሙ «ታውቀኛለህ ብለህ ስለምታስብ አታውቀኝም» የሚል ርእስ ያለው ዜማ ትቶልን ነበር። ከዚህ የበለጠ የስደተኛ ሕመምተኛ አቤቱታ ከየት ይመጣል?

ከሞቱ ዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ዲሴምበር 23፣ አራቱ ጓደኞቹ ከመታሰቢያው ሥነ ሥርዓት ተነሥተው ስቱዲዮ ገቡ። ምን እንጫወት ተብሎ ምክክር አልተደረገም፤ ኖታም አልተዘረጋም። ተቀምጠው አለቀሱት፤ በፒያኖ፣ በሳክስፎን፣ በቤዝ፣ በድራም። «ብሉ ኖትስ ፎር ሞንጌዚ» ተብሎ የወጣው ሥራ ያ ልቅሶ ነው። የኛ ሰው ቢሰማው ለቅሶ ቤት ውስጥ አስለቃሽ አውጥታ ሕዝቡ ሲቀበል እንዳለ ይሰማዋል።

ቀጥሎ ተራው የጆኒ ዲያኒ ሆነ። ዲያኒ ኑሮውን በዴንማርክና በስዊድን አድርጎ ነበር። ስቲቭ ቢኮ ሴፕቴምበር 12 ቀን 1977 በፖሊስ እጅ ተሠቃይቶ ሲሞት፣ በማግሥቱ ዓመት ከፑክዋና ጋር ሆኖ «ሶንግ ፎር ቢኮ» የተባለውን ሥራ ሠራ። በ1986 መጸው ለሙዚቃ በሄደባት ምዕራብ በርሊን ታሞ ሞተ። ዕድሜው አርባ አካባቢ ነበር። በ1987 የቀሩት ሦስቱ እንደገና ስቱዲዮ ገቡ፤ «ብሉ ኖትስ ፎር ጆኒ» ተባለ። አምስት የነበሩት አራት ሆነው አንዱን አለቀሱ፤ አራት የነበሩት ሦስት ሆነው ሌላውን አለቀሱ።

104 ቀን፣ 139 ቀን

ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1990 ማንዴላ ከ27 ዓመት እስር በኋላ ተፈቱ። ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ። በየአገሩ የተበተነው የደቡብ አፍሪካ ስደተኛ ሻንጣውን ከአልጋ ሥር ጎተተ። ሂዩ ማሴኬላ፣ ሚሪያም ማኬባ ለመመለስ በቁ። ከሩብ ምዕት ዓመት በላይ በአውሮፓ የኖሩት የብሉ ኖትስ ሰዎችስ?

ክሪስ ማክግሬገር በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በገጠር ይኖር ነበር። በ1988 እንኳ ከትልቁ ባንዱ ጋር አዲስ አልበም አውጥቷል፤ ሥራው አላረጀም። የሳንባ ካንሰር ግን ያዘው። ሜይ 26 ቀን 1990 አዣን በተባለች ከተማ ዐረፈ፤ 53 ዓመቱ ነበር። ማንዴላ ከተፈቱ 104ኛ ቀኑ ነው።

ዱዱ ፑክዋና የተወለደው በፖርት ኤሊዛቤት ነው፤ ጁላይ 18 ቀን 1938። ቀኑ የማንዴላ የልደት ቀን ነው፤ ልዩነቱ ሃያ ዓመት ብቻ። በ1970ዎቹ መጨረሻ «ዚላ» የተባለውን ባንድ አቋቁሞ የተወለደበትን ሰፈር ሙዚቃ ለንደን ውስጥ ሲያስጨፍርበት የኖረ ሰው ነው። ከማክግሬገር ሞት በኋላ 35 ቀን ብቻ ቆየ። ጁን 30 ቀን 1990 በጉበት ሕመም ለንደን ውስጥ ሞተ፤ 52 ዓመት ሊሞላው 18 ቀን ቀርቶት ነበር። ማንዴላ ከተፈቱ 139ኛ ቀኑ ነው።

ውድ አንባቢ፣ እነዚህን ቁጥሮች ልብ በልልን። 26 ዓመት ጠብቆ በ104 ቀን መቀደም! 26 ዓመት ጠብቆ በ139 ቀን መቀደም! የአፓርታይድ ሕጎች የተሻሩት፣ ሕዝቡ በ1994 ተሰልፎ ድምፅ የሰጠው እነዚህ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ነው። በሞት ወረቀታቸው ላይ የተጻፈው ካንሰርና ጉበት ነው። በ1964 ከአገር ያስወጣቸው ሕግ ስም በዚያ ወረቀት ላይ የለም። የስደተኛ የሞት ወረቀት ሁልጊዜ ግማሹ ብቻ የተጻፈ ወረቀት ነው።

እርግጥ ነው፣ ነገሩን ከሚገባው በላይ አናጋንን። ካንሰር ፓርቲም ዘርም አይመርጥም። አገሩ የቀረውም ቢሆን አልዳነም። ኪፒ ሙኬትሲ የተባለው ታላቅ የሳክስፎን ሰው ስደትን አልመረጠም፤ አገሩ ቀረ፣ ድምፁ ታፈነ፣ በ1983 በድህነት ሞተ። አውሮፓ ደግሞ ለእነ ፑክዋና አገራቸው የነፈገቻቸውን መድረክ ሰጥታቸዋለች፤ ይህን መካድ ውለታ መብላት ይሆናል። እኛ የምንለው ሌላ ነው። አምባገነን አገዛዝ ሙዚቀኛን በሁለት መንገድ ይገድላል፦ የቀረውን በዝምታ፣ የወጣውን በብቸኝነት። የመጀመሪያውን ለማስቆም ትግል ያስፈልጋል፤ ረጅም ጊዜም ይወስዳል። ሁለተኛውን ግን አገዛዙ እስኪወድቅ ሳንጠብቅ እዚሁ ባለንበት ልናስቆመው እንችላለን። የኛም ጽሑፍ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

ወደ ራሳችን ስንመለስ

የኛም ሙዚቀኞች በሰዓት እላፊ ዘመን አልፈዋል። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ ሰዓት እላፊው ሲደርስ የሆቴሉ በር ይዘጋል፤ ተመልካቹም ባንዱም እስኪነጋ ውስጥ ይቀራል። ዋልያስ ባንድ በ1981 ወደ አሜሪካ ለትርኢት ሲመጣ ከአባላቱ አንዳንዶቹ እዚሁ ቀሩ። ከቀሩት አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ ብቻውን የሠራው ካሴት ወጣ፤ ከዚያ በዋሽንግተን አካባቢ የዳላስ አየር ማረፊያ ታክሲ ነጂ ሆነ። ኪቦርዱን ከመኪናው ኮፈን አውጥቶ ተሳፋሪ በሚጠብቅባት ሰዓት ይለማመድ ነበር። ስንቶቻችን በዚያ ታክሲ ተሳፍረን ስለ ፖለቲካ እየተከራከርን ወርደን ይሆን? የነጂውን ስም ማን ጠየቀ?

ያን ካሴት ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና ለዓለም ያሳተመው አሜሪካዊ ነው። ኃይሉ መርጊያ ጤናው ስለበረታ ዳግም የዓለም መድረክ ላይ ለመውጣት በቃ፤ ደስ ብሎናል። ግን በሐቀኝነት እንነጋገር። ያን ጊዜ ባይጠነክርስ? ያን ካሴት ማንም ባያነሣውስ? ስንት የሠርጋችንን፣ የአዲስ ዓመታችንን፣ የድጋፍና የተቃውሞ ስብሰባችንን ምሽት ያደመቁ ሰዎች ዛሬ ምድር ቤት በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ኢንሱሊን እየቆጠሩ፣ ዲያሊሲስ እየተመላለሱ፣ ስልክ እየጠበቁ ይገኛሉ?

እኛ ዕድር የሚባል ታላቅ ቅርስ ያለን ሕዝብ ነን። በሄድንበት ከተማ ሁሉ ዕድር አቋቁመናል። አንድ ወገን ሲሞት በሰዓታት ውስጥ ገንዘብ ይሰበሰባል፤ አስከሬን በአውሮፕላን ይጫናል፤ ንፍሮው ይቀቀላል፤ አዳራሹ ይሞላል። ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ነገር ግን ዕድራችን የተሠራው ለሬሳ ነው። አገር ቤት ሳለን ይህ ይበቃ ነበር፤ ሕመምተኛውን የሚያስታምም ቤተሰብና ጎረቤት ስለነበረ ዕድሩ የሚጎድለውን ቀብር ብቻ ይሞላ ነበር። በስደት ግን አስታማሚው የለም። ስለዚህ እዚህ የጎደለው ቀብር ሳይሆን ማስታመም ነው። እኛ ግን የአገር ቤቱን ዕድር እንዳለ አምጥተን፣ ለሌለ ቤተሰብ ተጨማሪ አድርገን ተከልነው። ውጤቱ ምን ሆነ? ሰውየው በሕይወት ሳለ የመድኃኒት ዋጋ ያጣል፤ ከሞተ በኋላ አስከሬኑ በብዙ ሺህ ዶላር ይሸኛል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ ለሙዚቀኛ በወጉ እንክፈል። ብዙ የኛ ምግብ ቤቶችና የዝግጅት አዘጋጆች ለሙዚቀኛ በእጅ በካሽ ከፍለው ይሸኛሉ። ሙዚቀኛውም ግብሩን ስለማያሳውቅ ለጊዜው የተጠቀመ ይመስለዋል። የአሜሪካ ሕግ ግን የሚለው ሌላ ነው። አንድ ሠራተኛ በራሱ የሥራ ታሪክ የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ ለማግኘት 40 ነጥብ ማጠራቀም አለበት፤ በዓመት ከአራት ነጥብ በላይ ስለማይገኝ ይህ ቢያንስ የአሥር ዓመት ግብር የተከፈለበት ሥራ ነው። በ65 ዓመት ያለ ወርኀዊ ክፍያ የሚሰጠው የሜዲኬር የሆስፒታል ሽፋንም በአብዛኛው በዚሁ ነጥብ ላይ የተመሠረተ ነው። ሠላሳ ዓመት ሌሊት ሌሊት የሠራ ሰው በወረቀት ላይ አንድም ቀን ያልሠራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ያች በእጅ የተሰጠች ገንዘብ ያኔ ምን ያህል እንደ ከበደች የሚታወቀው ሆስፒታል በር ላይ ነው። ግብሩን ራሱ ሙዚቀኛው ያሳውቃል ከተባለም፣ ቅጹን የሚሞላለት አንድ የሒሳብ ባለሙያ ከመካከላችን አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ ዕድራችን የሕመም ክፍል ይኑረው። ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሐኪም ዘንድ አብሮ የሚሄድ፣ የሐኪሙን ቃል በአማርኛ የሚያስረዳ፣ የኢንሹራንስ ቅጽ የሚሞላ፣ በሳምንት አንድ ቀን በር የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚያስፈልገው። የፌዛን ታሪክ አንርሳ። እርሱን የሚያድነው ገንዘብ አልነበረም፤ «ይህ ልጅ ደረቱን አሞታል፣ አድምጡት» ብሎ የሚሟገትለት ሰው እንጂ። በተለይ የአእምሮ ሕመም ሲሆን እኛው ራሳችን ቀድመን በሩን የምንዘጋ ነን። «አብዷል» ብለን እንሸሻለን። ይህን ነውር እንተወው።

በአረብ አገሮች ለሚኖሩ ወገኖቻችን ነገሩ የባሰ ነው። እዚያ የመኖሪያ ፈቃድ ከአሠሪው ጋር የተቆራኘ ስለሆነ የታመመ ሰው ሥራውን ሲያጣ ፈቃዱንም ያጣል። በአውሮፓ ደግሞ ሕክምናው በመንግሥት ቢሸፈንም ቋንቋና ብቸኝነት ይገድላሉ። መፍትሔው በየአገሩ ይለያይ ይሆናል፤ ኃላፊነቱ ግን አንድ ነው።

ሦስተኛ፣ የትኛው ጎራ መሆኑን አንጠይቅ። ይህ የሚያሳፍር ነገር ስለሆነ በግልጽ እንበለው። አንድ ሙዚቀኛ ሲታመም «ለማን ዘፍኖ ነበር? በየትኛው ስብሰባ ላይ ታይቷል? የየትኛው ብሔር ሰው ነው?» የሚል ምርመራ ይጀመራል። መዋጮው በዚህ ወንፊት ይጣራል። ብሉ ኖትስ ነጭና ጥቁር ሆነው፣ ዘር በሚለያይበት አገር ተወልደው፣ እስከ መቃብር አልተለያዩም። እኛ የዘር ክፍፍልን እንቃወማለን እያልን የታመመ ሰው አልጋ ላይ የምናካሂደው ምንድን ነው?

አራተኛ፣ በሕይወት ሳሉ እንቅረጻቸው። ያሉበትን ዘመን፣ የሠሩበትን ባንድ፣ ዜማውን ማን እንደ ደረሰው፣ ማን እንዳቀናበረው ይንገሩን። ካሴታቸውን ያለ ፈቃድ አባዝተን፣ ኢንተርኔት ላይ ለቅቀን፣ አንድ ሳንቲም ሳንከፍል ለዓመታት ሰምተናል። ቢያንስ ስማቸውን በትክክል እንጻፍላቸው። አገር ቤት ያላችሁ ወገኖችም የድሮ ካሴቶችን፣ ፎቶግራፎችን፣ የባንድ ዝርዝሮችን ከጣሪያ ሥር አውርዳችሁ አስቀምጡ። ሙዚቀኛው የሚመለስበት ቀን ሲመጣ አገሩ የምታውቀው ሆና ትጠብቀው።

ነጻነትን ስንጠብቅ

«ፖለቲካው ሳይስተካከል ስለ ሳክስፎን ተጫዋች ኩላሊት ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉን የትግል ጓዶች አሉ። እኛ ደግሞ 104 ቀን፣ 139 ቀን ብለን እንመልስላቸዋለን። ነጻነት መምጣቱ አይቀርም፤ አፓርታይድን ያህል ግንብ ፈርሷል። ሲመጣ ግን ማንን ያገኛል? የአገሪቱን ድምፅ በሆዳቸው ይዘው የወጡት ሰዎች ሁሉ በየአገሩ መቃብር ተበትነው ከሆነ፣ የሚመለሰው ማን ነው? ሻንጣ ብቻውን አይመለስም። ስደተኛን በሕይወት ማቆየት ራሱ የትግሉ አካል ነው። አገዛዝ ያባረረው ሰው ታሞ፣ ተረስቶ ሲሞት አገዛዙ ሁለት ጊዜ ያሸንፋል፤ በሁለተኛው ድል ደግሞ እኛ ተባባሪዎች ነን።

ሉዊስ ሞሆሎ በ2005 ወደ አገሩ ተመለሰ። ከወጣ 41 ዓመት፣ አገሩ ነጻ ከወጣች 11 ዓመት ሆኗት ነበር። ተወልዶ ባደገበት በላንጋ ሰፈር እንደገና መኖር ጀመረ። እዚያም ሆኖ የሞቱትን ጓደኞቹን ዜማዎች መጫወት አልተወም፤ የፌዛን፣ የፑክዋናን፣ የዲያኒን፣ የማክግሬገርን። የአራት ሰው ሙዚቃ ባንድ ሰው ክንድ ወደ አገሩ ገባ። እርሱ ባይተርፍ ኖሮ ያም አይገባም ነበር።

ከመካከላችን ያሉት የኛ ሞሆሎዎች እነማን ናቸው? ስማቸውን እናውቃለን። ስልካቸውም አለን። ብዙዎቻችን የደወልንላቸው ለመጨረሻ ጊዜ ለሠርግ ባንድ ስንፈልግ ነበር። ይህን ጽሑፍ አንብቦ የጨረሰ ሁሉ ከመዋጮውና ከስብሰባው በፊት ዛሬ ማታ አንድ ስልክ ይደውል። «ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሐኪም ዘንድ መቼ ነው ቀጠሮዎ? እኔ ልውሰድዎ» ይበል። ዕድር ከዚህ ይጀምራል።

ቸር ይግጠመን።